ኮርኒሱ ላይ ያልተሣለችው እናቴ

ሰው ሲታመም ብርቱካን ይመጣለታል፤ ለእኔ ግን ጉማሬ ነው የመጣልኝ።

ሰሞኑን ባለቤቴ ፋሲል ለልጃችን ክፍል የሚለጠፉ ሥዕሎች ገዝቶ መጣ። ቀስተ ደመና፣ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ደመና ተንተርሳ የተኛች ጨረቃ። አንዱን ሲለጥፍ ሌላው እየተላቀቀበት፣ ላቡን እየጠረገ፣ «ልጅ ሆነሽ እናንተ ቤት ምን ነበር የተሰቀለው?» አለኝ። ግድግዳችን ላይ የቀን መቁጠሪያና የአባቴ ኮፍያ፣ ኮርኒሳችን ላይ ደግሞ ጉማሬ ነበረን አልኩት። የቀለድኩበት መሰለው። ያደገበት ሰፈር ኮርኒስ ነጭ መሆን አለበት ተብሎ የሚታመንበት ሰፈር ስለሆነ አልፈርድበትም። ተቀመጥ አልኩትና ከመጀመሪያው ነገርኩት።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ቤታችን እዚሁ ሀዋሳ፣ መናኸሪያ ጀርባ ነበር፤ አውቶቡሶች ጥሩንባቸውን ሲነፉ ብርጭቆዎቻችን ይንጫጫሉ። አባቴ፣ ስሙ ደረሰ ነው፣ እዚያው መናኸሪያ ትኬት ይቆርጣል። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ስለሚውል ቤት ሲገባ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው፤ እኔ ግን ለብዙ ዓመት ዓይናፋር ይመስለኝ ነበር። እናቴ ታቢታ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ የአልጋ ልብስ ታጥባለች። እጆቿ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ፤ ያንን ሽታ የሁሉም እናቶች ሽታ አድርጌ ነው የማውቀው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጉሮሮዬን አመመኝ። ዳነች ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ጉልበቴ አበጠ፣ ከጉልበቴ ወደ ክርኔ፣ ከክርኔ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። አክስቴ እስከዛሬ ስታወራው «ሥራ እንደ ፈታ ጎረምሳ በር ለበር የሚዞር ሕመም» ትለዋለች። ሆስፒታል ወሰዱኝ። ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው አንድ መሣሪያ እያንሸራተቱ ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር ያያሉ። እኔ ሆዬ ይሄ ቴሌቪዥን ምንም ደህና ነገር አያሳይም ብዬ እንቅልፌን ለጠጥኩ። ስነቃ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ እናቴን ቀስ ብሎ ያናግራታል። እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። አንዷ ነርስ ሮጣ ወንበር አመጣችላት፣ ሌላዋ ውሃ አቀበለቻት።

ፍርዴን የሰጠሁት እዚያው ነው። ወንበር የቀረበው ለእሷ ነው፣ ውሃ የተሰጠው ለእሷ ነው፣ ያለቀሰችውም እሷ ናት። ታዲያ የታመመው ማን ነው? የእኔ ጉልበት እንደሆነ እየተሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ይህንኑ አረጋገጠልኝ። ተኚ ተባልኩ። መሮጥ ቀርቶ መቆም ክልክል ሆነ፤ ሽንት ቤት እንኳ አባቴ ነው አቅፎ የሚወስደኝ። አክስቴ ሮማን፣ የአባቴ እኅት፣ ልብሷን ሸክፋ ከሶዶ መጣች። የጸሎት ቤታችን ሰዎች እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ የአንዷ እንባ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እናቴ ደግሞ ከሆስፒታል የተሰጣትን የምርመራ ውጤት ይዛ አዲስ አበባ ልትሄድ ተነሣች። «ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ የኔ ልጅ፣ አክስትሽን እንዳታስቸግሪ» ብላ ሳመችኝና ወጣች። ለምን እንደምትሄድ አባቴን ጠየቅኩት። «ለጉዳይ ነው» አለኝ፣ በዚያው ሹክሹክታው።

የያዘችው የእኔን ውጤት ነበር። የጉሮሮዬ ሕመም አድብቶ ልቤን ነክቶት ኖሯል። የሀዋሳው ሐኪም ቀዶ ጥገና ሳያስፈልገኝ አይቀርም ብሎ ስለሠጋ፣ ልጅቷ በመንገድ ሳትንገላታ እናትየው ቀድማ ለልብ ሐኪሞቹ ታሳይ ብሎ ነው የላካት። በእኛ አገር ደግሞ ለታማሚ ሕመሙን መንገር ነውር ነው። ጎረቤቱ ያውቃል፣ ዘመዱ ያውቃል፣ የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር ያውቃል፤ የሕመሙ ባለቤት ብቻ አያውቅም። ልጅቷ ከሰማች ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች ይብስባታል ተባለና ሁሉም አፉን ለጎመ።

እኔ በበኩሌ የማውቀው የጋሽ ሰለሞንን ነገር ነው። ጋሽ ሰለሞን አጥር የምንጋራቸው የእትዬ ወርቅነሽ ባለቤት ነበሩ። ከዚያ ዓመት በፊት እሳቸውም እንዲሁ «ለጉዳይ» አዲስ አበባ ሄደው ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ ባጃጅ ቆመ፤ ትልቁ ልጃቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር አቅፎ ወረደ። ጋዜጣው ሲገለጥ ጋሽ ሰለሞን ናቸው፤ ክራቫት አስረው፣ መስታወት ውስጥ ገብተው፣ ፊታቸው ከራሳቸው ፊት በልጦ። ግቢው በአንድ አፍ ጮኸ። እትዬ ወርቅነሽ ደረታቸውን መቱ።

አዋቂ ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። ሰው ይሞታል፣ መርዶ ይነገራል፣ ከዚያ የሟች ጉርድ ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ለለቅሶው ይመጣል፤ ፎቶው ሲገባ ደግሞ ለቅሶው እንደ አዲስ ይቀጣጠላል። መርዶው ጠዋት ሲነገር እኔ ክፍል ውስጥ ማባዛት እየተማርኩ ነበር። ያየሁት ፎቶው ሲገለጥና ሰው ሲጮህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው የሚሞተው ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ሲመጣና ጋዜጣው ሲገለጥ ነው ብዬ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የጋሽ ሰለሞንን ትንሽ ልጅ ራስ እየደባበሰ ፊቱን ሲያዞር አይቻለሁ። አሁን ደግሞ የሚደባበሰው የእኔ ራስ ነው።

ብቻዬን እንዳልሆን አልጋዬን ሳሎን አውጥተውት ስለነበር ውዬ የማድረው ኮርኒሱን ሳይ ነው። ኮርኒሳችን እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ የማዳበሪያ ጨርቅ ነበር፤ ነጩ ከረጢት ተተርትሮ፣ ተሰፍቶ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ። ዝናብ በቆርቆሮው ምስማር ቀዳዳ እየገባ ቡናማ ነገር ጽፎበታል። አባቴ አንድ ቀን ለምሳ ሲገባ «ምን እያየሽ ነው?» አለኝ።

«ያቺ አሮጊት ናት። ያ ደግሞ የተበላ ጥርስ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየ።

«ሮማን፣ ይቺ ልጅ ይህን እያየች ነው የምትውለው?»

«ምን ትይ ታዲያ? ሰማይ አውርጄ አላሳያት።»

«ሳምሶንን አመጣዋለሁ።»

«ሚኒባስ የሚቀባውን? እኛን ምን ሊጽፍብን ነው፣ ‹ርቀትህን ጠብቅ›?»

ሳምሶን መናኸሪያ አካባቢ የታወቀ ሰው ነው። የሚኒባስ ኋላ፣ የባጃጅ ጎን፣ የጁስ ቤት ማስታወቂያ፣ የጸጉር ቤት በር፣ ሁሉም የእሱ ሥራ ነው። በጸጉር ቤት በር የሚሥላት ሴት አንድ ናት፤ ዓይኗ የላም፣ ሽፋሽፍቷ መጥረጊያ የሚያክል፣ ነፋስ በሌለበት ጸጉሯ የሚበር። ወንድ ሣል ሲባልም እሷኑ ሥሎ ጺም ይጨምርላታል ይባላል። መጣና ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ወጣ፤ ኮርኒሱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ እንደ ከበሮ አዳመጠው።

«ይይዛል» አለ። «ግን ማዳበሪያ ቀለም ይጠጣል። መጀመሪያ ኮላ በነጭ ቀለም በጥብጠን ካላጠገብነው ሥዕሉን ይበላዋል።» ከዚያ ወደ እኔ አጎንብሶ «ምን ልሣልልሽ?» አለኝ።

ከተኛሁ ጀምሮ ሰው ምን ትበያለሽ ይለኛል እንጂ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎኝ አያውቅም። «ሐይቁን» አልኩት።

«ከእነማን ጋር?»

«ከሁሉም ጋር።»

ጠረጴዛ ላይ ወንበር፣ ወንበር ላይ ሳምሶን ተደረደሩ። እኔን በላስቲክ ሸፍነውኝ ፊቴ ብቻ ቀረ። አንድ ሰማያዊ ጠብታ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ አክስቴ ጮኸችበት፤ እኔ ግን እንዳይጠርጉት ለመንኳቸው። ውሃው መጣ፣ ጉማሬ መጣ፣ ቅርንጫፍ ላይ ጉሬዛዎች መጡ። አባ ኮዳም መጣ፤ ያ ራሰ በራው፣ ጉሮሮው ከረጢት የሚያክለው፣ ዓሣ ገበያ ውስጥ እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚንጎራደደው ወፍ። ጉማሬው ረጃጅም ሽፋሽፍት ነበረው። የጸጉር ቤቷ ሴት እዚህም አልቀረችም።

ሳምሶን ሲመሽበት ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። አክስቴም አጠገቡ ቆመች። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው አደነቁ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ምነው? አላማረሽም እንዴ?»

«ሞተዋል» አልኩ።

ሲሥል ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነበር። ከበሩ ሲታዩ ሁሉም በእግራቸው ቆመዋል። ከእኔ ትራስ ሲታዩ ግን ጉማሬው በጀርባው ወድቆ እግሮቹን ሰቅሏል፣ አባ ኮዳው በራሱ ተተክሏል፣ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ሳምሶን ደንግጦ መጣና ሲሚንቶው ላይ፣ አልጋዬ አጠገብ፣ በጀርባው ተኛ።

«ውይ፣ ፈጅቻቸዋለሁ» አለ።

«እንግዲህ እንደገና ትቀባታለህ» አለች አክስቴ።

«እንደገና? ይህን ሁሉ?»

አባቴ ከሥራ ሲገባ ሲከራከሩ አገኛቸው። ክርክሩን አልሰማም፤ ሲሚንቶው ላይ ከሳምሶን ጎን ተጋደመ፣ አየ፣ ተነሣና የአልጋዬን እግር ያዘ። «ሮማን፣ በዚያ በኩል ያዥ» አለ። ከእነመኝታዬ አዞሩኝ። ጉማሬው በእግሩ ቆመ። ዓሣዎቹ መዋኘት ጀመሩ። ሁሉም እስኪደክማቸው ሳቁ፤ አባቴ ያን ቀን ሲስቅ ድምፁን ሰማሁት። እኔም ሳቅኩ፤ ሞት እንዲህ በቀላሉ የሚገለበጥ ከሆነ የእናቴንም የሚገለብጠው ሰው አይጠፋም ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ከሥዕሉ መሐል፣ ልክ ከራሴ በላይ፣ አንድ ታንኳ ነበር። ውስጡ ሰው የለም። ማን ነው የሚቀዝፈው ብዬ ስጠይቅ ሳምሶን ጠቀሰኝና «አባትሽ ያውቃል» አለ።

በማግስቱ አባቴ በብብቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ይዞ ገባ። የተኛሁ መስሎት በእግሩ ጣት ሄዶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠው። የጋዜጣው ጥግ ተቀዷል። በቀዳዳው ቢጫ ሻሽ አየሁ፤ ከሻሹ በታች ደግሞ አንድ ቅንድብ። ሻሹን አውቀዋለሁ፣ ቅንድቡንም አውቀዋለሁ። እናቴ በትልቁ ታጥባ መጥታለች።

ፎቶው መጥቷል፤ ጋዜጣው ግን ገና አልተገለጠም። ጋሽ ሰለሞን የሞቱት ጋዜጣው ሲገለጥ ነው። ስለዚህ ገና ጊዜ አለ ማለት ነው። ዓይኔን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሳልነቅል ዋልኩ። ምግብ አልበላ አለኝ። አክስቴ «ገንፎ ይሁንልሽ? ጨጨብሳ ልሥራልሽ?» እያለች ብትለምነኝ አፌን ገጠምኩ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች። አባቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ።

«እማዬ፣ አሞሻል?»

«እኔን? ኧረ ደህና ነኝ የኔ እናት። አንቺ እንዴት ነሽ? ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«ጎሽ የኔ ጎበዝ» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። ስታለቅስ ድምፅዋ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ደህና የሆነ ሰው ደህና ነኝ እያለ አያለቅስም። እሷ ያለቀሰችው የእኔ ድምፅ ደክሞ ስለሰማችው ነበር። የእኔ ድምፅ የደከመው ደግሞ ለእሷ ስል ጾሜን ስለዋልኩ ነው። እንዲህ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን እያለቀስን ስልኩ ተዘጋ።

ሳምሶን ሥዕሉን ሊጨርስ ሲመጣ አባቴ ሥራ ላይ ነበር፣ አክስቴ ገበያ ወጥታለች። «እስቲ እመቤቲቱን እንያት» አለና እጁን ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ሰደደ።

«ጋሼ፣ አይክፈቱት» አልኩ። ሳላውቀው ተነሥቼ ተቀምጬ ነበር፤ መቀመጥ ደግሞ ተከልክያለሁ።

«ምኑን?»

«ጋዜጣውን። እባክዎ፣ እማዬን አይሣሏት።»

«አባትሽ እኮ ነው ያዘዘኝ። ተኝተሽ ቀና ስትዪ ታንኳው ላይ እንድታያት፣ እንዳትናፍቅሽ ብሎ።»

«አልፈልግም። ሌላ አባ ኮዳ ይሣሉልኝ።»

«በእናትሽ ፈንታ አባ ኮዳ?»

«አዎ።»

ፎቶውን ከእነጋዜጣው ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ሐዘን መሰለኝ። «ከልብሽ ነው?» አለኝ። «በጌታ ስም» አልኩት፤ እኛ ቤት ይህ ቃል እንዲሁ ከአፍ አይወጣም። ሳይገልጠው ወደ ቦታው መለሰው። ያደረበትም ነገር ሐዘን ሳይሆን እፎይታ ኖሯል። አድጌ ሳገኘው «የሰው ፊት መሣል የት አውቅና» አለኝ። «ደረሰ ሚስቴን ሣላት ሲለኝ አፌ እሺ አለ እንጂ፣ እናትሽ የጸጉር ቤቷን ሴት መስላ ብትወጣ ምን ይውጠኛል እያልኩ ስጨነቅ ነበር። አንቺ ነሽ የገላገልሽኝ።»

ታንኳው ላይ አባ ኮዳ ተቀመጠ። መቅዘፊያ ይዟል፣ ኮፍያ አድርጓል። አባቴ ሲገባ ቀና አለ።

«ታቢታ የታለች?»

«ልጅቷ አልፈልግም አለች» አለው ሳምሶን፣ ብሩሾቹን እያጠበ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። የተቆጣኝ መስሎኝ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ። እሱ ግን ጥላኝ ሄደች ብላ በእናቷ አኩርፋለች ብሎ ነው የተረጎመው። ያንን ለእናቴ በስልክ መንገር አንጀቱ ስላልቻለ «አለሽ፣ ታንኳው ላይ ቁጭ ብለሻል፣ ታምሪያለሽ» እያለ ዋሻት። በሕይወቱ የዋሸው ይህን ብቻ ነው ብዬ ልመሰክርለት ግን አልችልም፤ ትኬት ቆራጭ ነው፣ ባዶ አውቶቡስ አጠገብ ቆሞ «ሞልቷል፣ ይነሣል» ሲል የሚውል ሰው ነው።

ወሬው በሰፈሩ ተዛመተ። መጀመሪያ የእትዬ ወርቅነሽ ትንሽ ልጅ መጣ፣ ቀጥሎ የጀርባ ግቢ ልጆች፣ ቀጥሎ ስማቸውን የማላውቃቸው። አክስቴ በመጥረጊያ ልታባርራቸው ሞከረች፤ ሲያቅታት ምንጣፍ ዘረጋችላቸው። ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ አልጋዬ ሥር በጀርባቸው ይደረደራሉ። ከወለል ሆነው ጉማሬው ማን እንደሆነ፣ ማንን እንዳገባ፣ ጉሬዛዎቹ ከማን ጓሮ እንደሰረቁ ይከራከራሉ። ራሴን የዳበሰኝ አንድም ልጅ የለም። «ሄራን፣ ወደዚያ ጠጋ በይ፣ አይታየኝም» ነው የሚሉኝ። የጸሎት ቤታችን መጋቢ እንኳ ሊጸልዩልኝ መጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ላይ ሲያንጋጥጡ ዓይናቸው የጉማሬው ሽፋሽፍት ላይ አረፈና «አሜን»ን በሳቅ ነው የጨረሱት። ቤታችን በሕመም ምክንያት ሰው የሚገባበት መሆኑ ቀርቶ ለጨዋታ የሚገባበት ቤት ሆነ። እኔም ከልጆቹ ጋር ሳለሁ እረሳዋለሁ፤ ሲወጡ ዓይኔ ወደ ቁም ሳጥኑ ይመለሳል።

እናቴ የመጣችው በጠራራ ፀሐይ ነው። አባቴ ራሱ ከአውቶቡስ አውርዷት አመጣት። ከግቢው በር አክስቴ እልል ስትል ሰማሁ። እትዬ ወርቅነሽ በአጥሩ በላይ «ምን አለ ሐኪሙ? ንገሪኝ እንጂ» ሲሉ ሰማሁ፤ እናቴ የመለሰችላቸው አልተሰማኝም፣ እትዬ ወርቅነሽም እልል አሉ። ያለቻቸው ይህ ነበር፦ የልቤ ጉዳት ቀላል ነው፣ ቢላ አያስፈልገኝም፣ ዕረፍትና በየወሩ መርፌ ይበቃኛል፣ አድጋለሁ። እኔ ግን ሊሞት ለመጣ ሰው ለምን እልል እንደሚባል ግራ ገብቶኝ ተኝቻለሁ።

ገባች። ከስታለች፣ ፀሐይ መትቷታል። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ ሳመችኝ፣ ደግማ ሳመችኝ። ከዚያ ፈገግ ብላ ቀና አለች። ጉማሬውን አየች፣ ጉሬዛዎቹን አየች፣ ታንኳው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እኔ የታለሁ?» አለች።

አባቴ የጫማውን ማሰሪያ መመርመር ጀመረ።

«ደረሰ፣ ታንኳው ላይ ነሽ ስትለኝ አልነበር? ይሄ ወፍ ነኝ እኔ?»

«እሷ ናት ያልፈለገችው» አለ፤ ሹክሹክታው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

የእናቴ ፊት ጥቁርቁር አለ። ያ ሁሉ መንገድ ያልሰበራት ሴት በዚህች ልትሰበር ሆነ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እንዳትሞቺ ብዬ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ፎቶሽ መጣ። በትልቁ። ጋዜጣው ከተገለጠ ትሞቻለሽ፣ እንደ ጋሽ ሰለሞን። እኔ አላስከፈትኩም። ጋሽ ሳምሶንም አልከፈቱም፣ ይጠየቁ።»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ ሶፋው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ ያሳጠብኩት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ለሥዕሉ ብዬ እኮ ነው።» እናቴ ወዲያው አልገባትም፤ ቀስ እያለ ሲገባት አየሁ።

«እኔ የታመምኩ መሰለሽ?»

«ሆስፒታል ወንበር አመጡልሽ። ውሃ ሰጡሽ። አዲስ አበባ ሄድሽ። ስትደውይም ታለቅሻለሽ።»

እናቴ አባቴን አየችው፣ አባቴ አክስቴን አያት። ይህን ሁሉ ጊዜ የሸሹት ነገር ነው የመጣባቸው። አባቴ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፣ ተይ ማለቱ ነው። እናቴ ግን አልተወችም፤ ለዚህ እስከዛሬ አመሰግናታለሁ።

«ሄራንዬ» አለችኝ፣ «እኔ ደህና ነኝ። የታመምሽው አንቺ ነሽ። ልብሽን ነው ያመመሽ። የሄድኩትም ለአንቺ ነው።»

አክስቴ ብወድቅ ልትይዘኝ እጇን ዘርግታለች፤ ተኝቼ ወዴት እንደምወድቅ እንጃ።

«አንቺ አይደለሽም?» አልኩ።

«አይደለሁም።»

«ምንም አላመመሽም?»

«ምንም።»

«እኔ ብቻ ነኝ?»

«አንቺ ብቻ ነሽ የኔ ልጅ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ልቤ ብዙ ሐኪም ብዙ ነገር ነግሮኛል። ደህና ነሽ የተባልኩባቸው ቀኖች አሉ፣ ልጅ መውለድ ትችያለሽ የተባልኩበት ቀን አለ፤ በሁሉም ደስ ብሎኛል። የዚያን ቀኑን ያህል ቀለል ያለኝ ጊዜ ግን የለም። ትራሴ ላይ ተመልሼ ጋደም አልኩ።

«እፎይ» አልኩ። «እኔ ከሆንኩማ ምንም አይደል። ራበኝ።»